መልስ፦ «ቁርባን ፈራሁ፣ ስራም አልጸናልህ አለኝ» ላልከው ወንድሜ

ወንድሜ፣ «ከእጮኛዬ ጋር በቁርባን መጋባት ፈራሁ፣ ስራም በሁለት ዓመት ሦስት ቀየርኩ፣ እምነቴ ጎድሎ ይሆን?» ብለሃል። አይመስለኝም። ሰማንያ ፍርድ ቤት ይፈርሳል፣ ቁርባን ግን እስከ ሞት ነው፤ ማን የማይፈራ አለ?

አባቴ እዚሁ ጎጃም የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው፣ ውሻ እያባረራቸው «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ለምነው ነው የተማሩት። ቅኔ ቤት የገባ ልጅ በመጀመሪያው ቀን መወድስ የሚባለውን ረጅም ቅኔ አይቆጥርም፣ ማለትም አይደርስም። ሁለት ቤት (ስንኝ) ብቻ ባላት አጭር ቅኔ፣ በጉባኤ ቃና ይጀምራል፣ የቆጠረውን የኔታ ያርሙታል፣ አንዳንዴም «አፍርሰህ ቁጠር» ይሉታል፣ በማግስቱ ተመልሶ ይቀመጣል። ስምንት ቤቱ መወድስ ላይ የሚደርሰው እንዲህ እየታረመ ነው። አባቴ «ስንቴ ልሄድ አኩፋዳዬን አንስቼ ነበር» ይሉ ነበር። እምነት ሳይኖራቸው ቀርቶ መሰለህ?

ስራውን በተመለከተ፣ ደመወዙ የቤት ኪራይ ካልሸፈነ ቀይር፣ ኃጢአት የለውም። አለቃ ስለተቆጣህ ብቻ ከሆነ ግን ቆይ፣ አንድ ዓመት ሙላ።

ከሁሉ የከፋኝ ለኛ የነገርከውን ለእሷ አለመንገርህ ነው። ዛሬ ማታ ንገራት። ከዚያ ጾሙ ሳይገባ አብራችሁ የንስሐ አባታችሁ ጋ ሂዱ።