ስለ ዲዛይን ቲንኪንግ ቡድናችን የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ዲዛይን ቲንኪንግ፣ ማለትም ሰዎችን አናግሮ ችግራቸውን በመረዳት መፍትሔውን ቶሎ ሠርቶ የመሞከር ዘዴ፣ የሚወዱ ሰዎች የሚገናኙበትን የአካባቢያችንን ቡድን ከሚያስተባብሩት አንዱ ነኝ። አዲስ ለመግባት ያሰቡም የቆዩ አባላትም ብዙ ጥያቄ ስላላቸው ዛሬ ቁጭ ብዬ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ዲዛይነር አይደለሁም፣ ሥዕል ላይም ዜሮ ነኝ። ብመጣ ምን እሠራለሁ?

ና፣ ምንም ችግር የለውም። ነርስ፣ ሒሳብ ሠራተኛ፣ መምህር፣ ጡረተኛ፣ ሁሉም አሉን። ሥራው በአብዛኛው ሰው ማዳመጥ፣ የሰሙትን ማገናዘብና ቶሎ ሠርቶ መሞከር ነው። ሳጥንና ቀስት መሳል ከቻልክ ይበቃል።

ጥያቄ፦ አምስቱን ደረጃዎች በቅደም ተከተል ነው የምትሄዱት?

ለማያውቁት፦ ሰውን መረዳት፣ ችግሩን መግለጽ፣ ሐሳብ ማፍለቅ፣ ፕሮቶታይፕ (ለሙከራ የሚሆን ቀላል ናሙና) መሥራት፣ መሞከር። በዚህ መልክ የታወቁት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዲዛይን ተቋም በሆነው ዲ.ስኩል በኩል ነው። ጀማሪ ከሆናችሁ በቅደም ተከተል ሂዱ፣ ግራ ከመጋባት ያድናችኋል። ከዚያ በኋላ ግን ወደ ኋላ መመለስ የግድ ነው። ሙከራ ላይ የተነገራችሁ ነገር ችግሩን የገለጻችሁበትን መንገድ ካፈረሰው ተመለሱና እንደገና ግለጹት።

ጥያቄ፦ ምን ዓይነት ችግር ነው የምትመርጡት? እኛ ሁሌ የምንጨቃጨቀው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ የማየው ሄደን የምናናግረው ሰው መኖሩን ነው። «ትምህርትን ማሻሻል» ብሎ ለሚመጣ ሰው የማን ትምህርት፣ የቱ ክፍል፣ ምን ላይ ነው የሚቸገሩት እያልኩ እስኪጠብ ድረስ እጠይቀዋለሁ።

አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። አንዲት አባላችን ክሊኒክ ውስጥ ትሠራለች። ታካሚዎች ቀጠሮ እየረሱ ይቀራሉ፣ መላ እንፈልግ አለች። ግማሻችን ወዲያው አፕ እንሥራ አልን፣ ግማሻችን በስልክ መልእክት ይላክላቸው አልን። ከመከራከር ሄደን ታካሚዎቹን እንጠይቅ ተባለና ሄድን። አንዲት እናት የቀጠሮ ካርዳቸውን እንዲያሳዩን ስንለምናቸው ከቦርሳቸው ከመነጽር ማኅደሩ ሥር አወጡት። አራት ቦታ ታጥፏል። ቀኑ የተጻፈው እጥፋቱ ላይ ስለነበር ግማሹ ተፍቋል። «እኔ መች አነበዋለሁ፣ የምታስታውሰኝ ልጄ ናት» አሉን። ልጅቷ ግን ካርዱን አንድም ቀን አይታው አታውቅም።

ሌሎቹንም ስናናግር ተመሳሳይ ነገር ተደጋገመ። ካርዱን የሚይዘው አንድ ሰው ነው፣ ቀኑን የሚያስታውሰው ሌላ። ስለዚህ ጥያቄያችን «ታካሚው እንዳይረሳ ምን እናድርግ» መሆኑ ቀረና «ቀኑ አስታዋሹ ጋ እንዴት ይድረስ» ሆነ። የሠራነው ፕሮቶታይፕ ለሁለት የሚቀደድ ካርድ ነበር፤ በእጅ የተጻፈ፣ በቀላሉ እንዲቀደድ መሃሉ በመርፌ የተበሳሳ፣ አንዱ ግማሽ ለታካሚው አንዱ ለአስታዋሹ። አፑን ያነሳው ሰው የለም። ለእኔ የዚህ ሁሉ ነገር ጉልበት እዚህ ጋ ነው ያለው፣ መፍትሔው ላይ ሳይሆን ጥያቄው የተቀየረበት ቦታ ላይ። ሰው ሳያናግር ቀጥታ ወደ ሐሳብ ማፍለቅ የሚገባ ቡድን ይህን ያጣዋል።

ጥያቄ፦ ቃለ መጠይቅ ላይ ምን ብዬ ልጠይቅ? ሰዎች «አዎ ጥሩ ነው» ብቻ ይሉኛል።

«እንዲህ ዓይነት ነገር ቢኖር ትጠቀሚበታለሽ?» ብለሽ ስለምትጠይቂ ይሆናል። ሰው ይሉኝታ አለው፣ ፊት ለፊት አልፈልግም አይልም። ይልቅ የሆነውን ጠይቂ። «ለመጨረሻ ጊዜ ይህ የገጠመዎት መቼ ነው? እስቲ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።» ከዚያ ዝም በይ። ዝምታው ቢከብድሽም ቻይው፣ ብዙ ጊዜ ዋናው ነገር የሚወጣው ሰውየው ጨርሻለሁ ካለ በኋላ ነው። የሚጠቀሙበትን ዕቃ ወይም ወረቀት እንዲያሳዩሽም ጠይቂ። ለማስታወሻም ሆነ ለፎቶ ፈቃድ መጠየቅ ግን ግዴታ ነው፣ ስማቸውን ግድግዳ ላይ አንለጥፍም።

ጥያቄ፦ ሐሳብ ስናፈልቅ ሁለት ሰዎች ብቻ ያወራሉ፣ ሌላው ይሰማል። ምን ይሻላል?

መጀመሪያ ለየብቻ ጻፉ። ይህ የእኔ ምርጫ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1958 የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ላይ ሆነው ሐሳብ ያፈለቁ ሰዎችን ለየብቻ ከሠሩ እኩል ቁጥር ካላቸው ሰዎች ጋር አወዳድረው ነበር፣ ለየብቻ የሠሩት በለጡ። እ.ኤ.አ. በ1987 ዲልና ሽትሮበ የተባሉ ተመራማሪዎች ደግሞ ዋናው ምክንያት ተራ መጠበቅ መሆኑን አሳዩ። አንዱ ሲያወራ ሌላው ሐሳቡን ይረሳል ወይም ይተወዋል።

እኛ አንድ ወረቀት ስምንት ቦታ እናጥፍና በ8 ደቂቃ ስምንት ሐሳብ በዝምታ እንስላለን። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ማንም የሚያስበው ነው፣ ስድስተኛው አካባቢ ሰው ይጨንቀዋል፣ ጥሩ ነገር የሚመጣውም ያኔ ነው። ከዚያ ሁሉም ተለጥፎ ውይይት ይጀመራል። ዝም የሚሉት አባላት ወረቀት ላይ ስንት ነገር እንዳላቸው ስታዩ ትገረማላችሁ።

ጥያቄ፦ ስንት ሰው ላይ እንሞክር?

የአጠቃቀም ምቹነት ባለሙያው ያኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2000 አምስት ሰው ይበቃል ብሎ የጻፈው ብዙ ይጠቀሳል። በእሱ ስሌት አምስት ተጠቃሚዎች 85 በመቶ የሚሆነውን የአጠቃቀም ችግር ያወጡታል። ስሌቱ ግን በአማካይ ላይ የቆመ ነው፣ ተጠቃሚዎቹም ተቀራራቢ ሲሆኑ ነው የሚሠራው። እናትና ልጅ ካርዱን በየፊናቸው የሚጠቀሙ ከሆነ ሁለቱንም ወገን መሞከር አለባችሁ። ምክንያቱን እዩት እንጂ ቁጥሩን አታምልኩት፦ ጥቂት ሰው ላይ ሞክሮ፣ አስተካክሎ፣ እንደገና መሞከር።

ጥያቄ፦ እውነቱን ንገረኝ፣ ይህ ነገር ፋሽን አይደለም? ባለ ቀለም ወረቀት ለጥፎ ፎቶ መነሳት?

ጥያቄህ ተገቢ ነው። ፔንታግራም የተባለው የዲዛይን ድርጅት አጋር የሆነችው ዲዛይነር ናታሻ ጄን እ.ኤ.አ. በ2017 ባደረገችው ንግግር በአምስቱ ደረጃዎች ውስጥ ሥራን በጠንካራ ዓይን መተቸት የሚባል ነገር የለም ብላ ነበር፣ በዚህ ከእሷ ጋር ነኝ። እኛም በየስብሰባው ሥራውን ያልሠሩት አባላት የሚተቹበት ሰዓት ያስገባነው ለዚህ ነው።

ግን ነገሩ በቅጡ ሲሠራ የሚያመጣውን ለውጥ እይ። ጂ.ኢ. በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ዳግ ዲትዝ የኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ በምስል የሚያሳይ) ማሽን ይነድፍ ነበር። ሆስፒታል ሄዶ አንዲት ትንሽ ልጅ ማሽኑን ፈርታ ስታለቅስ አየ። ልጆች ሳይንቀሳቀሱ መተኛት ስለማይችሉ ብዙዎቹ ማደንዘዣ ይሰጣቸው ነበር። የማሽኑን አሠራር ሳይነካ ክፍሉን የባሕር ወንበዴ መርከብ አስመስሎ ቀባው፣ ባለሙያዎቹም ለልጁ ታሪኩን እየተረኩ እንዲያስገቡት ተደረገ። ማደንዘዣ የሚያስፈልጋቸው ልጆች ቀነሱ። ሄዶ ባያይ ኖሮ ማሽኑ ለእሱ እንከን አልነበረውም።

ጥያቄ፦ ለመጀመሪያ ቀን ምን ይዤ ልምጣ?

እስክሪብቶ።

ጥያቄ፦ እኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ቡድን የለም። ከምን እንጀምር?

አምስት ስድስት ሰው ካገኛችሁ ጀምሩ፣ ብዙ ሰው አትጠብቁ። ቀኑ አይለዋወጥ፣ ሰው የሚበተነው ቀን ሲቀያየር ነው። ስለ ዘዴው ገለጻ በማድረግ ሦስት ሳምንት አታባክኑ፣ ከአባላቱ አንዱ በየቀኑ የሚያየውን አንድ ችግር ይዛችሁ ግቡ። ስብሰባ ስትጨርሱም ማን ማንን መቼ እንደሚያናግር ጽፋችሁ ተለያዩ። ሁለት ሰው እንኳ ሄዶ አናግሮ ከመጣ የሚቀጥለው ስብሰባ የሚያወራው አያጣም።