እጅ እየታጠቡ አቡነ ዘበሰማያት

ልጆቼ፣

ባለፈው የካቲት የቀድሞ መሥሪያ ቤቴን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ማዋለጃ ክፍሉ በር ላይ አንዲት ወጣት አዋላጅ አስቆመችኝና «ሲስተር፣ ካስቀደስኩ አራት ወር ሞላኝ» አለችኝ። ቅዳሜ ማታ ትገባለች፣ እሁድ ጠዋት ደክሟት ትወጣለች፣ እንቅልፍ ይጥላታል፣ እንደገና ትገባለች። «አሁንማ ጸሎቱም ጠፋብኝ። ከቤተ ክርስቲያን የራቀ ሰው ምን ብሎ ይጸልያል?» አለችና ዓይኗ እንባ አቀረረ። ወዲያው ምጥ የጠናባት ሴት ስትጣራ ሰማችና መልሴን ሳትጠብቅ ሮጠች።

ያልመለስኩላትን ነው ዛሬ የምጽፈው። ጥያቄው የእሷ ብቻ ቢሆን ስልክ እደውልላት ነበር። ግን የሌሊት ጥበቃው፣ የረጅም መንገድ ሾፌሩ፣ እሁድ እሁድ ሆቴል የሚያስተናግደው ልጅ፣ ሪያድ ያለችው የእህቴ ልጅ፣ ሁሉም ይህንኑ ይጠይቁኛል። ቄስ አይደለሁም፣ የመጻሕፍት መምህርም አይደለሁም። ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ 37 ዓመት አዋላጅ ነርስ ነበርኩ። ከዚያ ውስጥ ስንቱን እሁድ ቤተ ክርስቲያን እንዳሳለፍኩት ብትቆጥሩልኝ ታዝኑልኛላችሁ።

በዕድሜዬ ከሰማኋቸው ጸሎቶች ሁሉ አጭሩ «ማርያም!» የሚለው ነው። ምጥ የያዛት ሴት መጽሐፍ አትገልጥም፣ ወደ ምሥራቅ አትዞርም፣ ነጠላዋን አታጣፋም። የአልጋውን ብረት ጨብጣ ስሟን ትጠራለች። ከበሩ ውጭ የቆሙት እናቷ፣ አክስቷ፣ ጎረቤቷ ይቀበሏታል። ደሴ በሠራሁባቸው ዓመታት ሙስሊም እናቶችም ሲጠሯት ሰምቻለሁ። ልጁ ከተወለደ በኋላ የሚመጣው ጠያቂ ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላል፤ ምስጋና እያቀረበ መሆኑን ግን ልብ አይለውም። የእኛ ሰው ከቅጽሩ ውጭ መጸለይን ትናንት አልጀመረውም።

ሥርዓቱንም እዩት። ወንድ የወለደች 40 ቀን፣ ሴት የወለደች 80 ቀን፣ ልጇ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ ቤተ መቅደስ አትገባም። ታዲያ ቤተ ክርስቲያን አራሷን ረስታታለች? ካህኑ ጠበል ይዞ ቤቷ ድረስ ይመጣል። እኔ የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ እናቴ ዳዊቷን አምጥታ ከራስጌዬ አኖረችው። ማንበብ አትችልም ነበር፤ የት እንደሚቀመጥ ግን ታውቃለች። እነዚያን ቀናት ከጸሎት የራቅሁባቸው አድርጌ አስቤያቸው አላውቅም። እንዲያውም ልጄን እያጠባሁ በልቤ የደገምኩትን ያህል ቆሜ የደገምኩ አይመስለኝም።

ሥራ ላይ ግን ነገሩ ከበደኝ። ያወጣኝ የሰባቱ የጸሎት ጊዜያት ነገር ነው፤ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋም፣ መንፈቀ ሌሊት። ዳዊት «ሰባት ጊዜ በቀን አመሰግንሃለሁ» ያለውን ይዘው አባቶች የሠሩት ነው። ወጣት ሳለሁ የመነኮሳት ሸክም ይመስለኝ ነበር። የሌሊት ተረኛ ስሆን ግን ሌላ ነገር አየሁበት፤ ወደ ሕንጻው መድረስ ላልቻለ ሰው የሚገባበት ቤት ሰዓቱ ነው። ደግሞስ እነዚያ ሰዓታት የት የት እንደዋሉ አስባችሁ ታውቃላችሁ? በሠለስት፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ መንፈስ ቅዱስ ሲወርድ ሐዋርያት በአንድ ቤት ተሰብስበው ነበር። በቀትር ጴጥሮስ ሊጸልይ የወጣው ጣራ ላይ ነው፤ ርቦትም ነበር፣ ይህንን መጽሐፉ ሳይደብቅ መጻፉን እወድለታለሁ። በመንፈቀ ሌሊት ጳውሎስና ሲላስ እግራቸው በግንድ ተጠርቆ ወኅኒ ቤት ውስጥ ይዘምሩ ነበር። የእኛው ጃንደረባ ደግሞ ኢየሩሳሌም ድረስ ሄዶ ሰግዶ፣ ፊልጶስን ያገኘው ግን በጋዛ መንገድ፣ ሠረገላው ላይ ኢሳይያስን እያነበበ ነው። የተጠመቀውም መንገድ ላይ ባገኙት ውኃ ነው።

ሰባቱንም አድርሱ አልላችሁም፤ እኔም አላደረስኩም። እኔ የያዝኩት ሁለቱን ነው፤ ሥራ ስረከብ አንዱን፣ ሌሊት 6 ሰዓት አንዱን። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ያለው ጸጥታ ይገርማል፤ ጄኔሬተሩ ብቻ ነው የሚሰማው። ሁለት ሰዓት መርጦ አሥር ዓመት መያዝ፣ ሰባቱንም አንድ ሳምንት አድርሶ ከመተው ይሻላል።

ሌላው፣ ቃሉን በቃላችሁ ያዙት። ጓንት ያጠለቀ እጅ መጽሐፍ አይገልጥም። እጅ በሳሙና በደንብ ለመታጠብ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ እንደሚያስፈልግ የጤና ባለሙያዎች ሁላችሁ ተምራችኋል። አቡነ ዘበሰማያትና በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል በግእዝ፣ ሳይጣደፉ፣ እዚያ ውስጥ ይገባሉ። በግድግዳው ሰዓት ለክቼዋለሁ። በአንድ ሌሊት ሠላሳ ጊዜ ከታጠባችሁ ሠላሳ ጊዜ ጸለያችሁ ማለት ነው፤ እጃችሁም ይጸዳል። የጽንስ ልብ ትርታ ስቆጥር ግን አልጸልይም። በደቂቃ ከ110 እስከ 160 መሆኑን ለማወቅ ጆሮም ልብም እዚያው መሆን አለበት፤ ቁጥሩ ከተምታታባችሁ ለማን ጸለያችሁ? ሾፌሩም እንደዚያው፣ ቁልፉን ሲያስነሳ እንጂ ሲቀድም አይደለም።

ታክሲ ለሚጠብቅ ውዳሴ ማርያም ለሰባቱም ቀናት ተከፍሎ ተዘጋጅቷል፤ የዕለቱን ማድረስ ነው። ዳዊቱም አሥር አሥሩ መዝሙር «ንጉሥ» እየተባለ በ15 ተከፍሏል። አንድ ንጉሥ ያልቻለ አንድ መዝሙር ይበቃዋል።

አሁን ጥፋቴን ልናዘዝ። 1973 ዓ.ም. ነው፤ ጤና ጣቢያው የት እንደሆነ ይቅር። አንዲት እናት በደህና ወለደች፣ ልጁም አለቀሰ፣ የእንግዴ ልጁም ወጣ። ከወሊድ በኋላ ባሉት ሁለት ሰዓታት በየ15 ደቂቃው ማሕፀኗን መዳሰስ፣ ደሟን ማየት አለብን። እኔ ግን ሁሉም ሰላም ነው ብዬ ቀጥሎ ያለው ክፍል ገብቼ ውዳሴ ማርያም ጀመርኩ። ሰዓቱ ሲደርስ «ይህቺን ልጨርስና» አልኩ። ጨርሼ ስመለስ ደሙ አንሶላውን አልፎ መሬት ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ጮህኩ። አንዲት አንጋፋ ነርስ ሮጠው ገቡ፣ ማሕፀኗን በእጃቸው እያሹ «ኤርጎሜትሪን!» አሉኝ፤ ደም ማቆሚያውን መርፌ እጄ እየተንቀጠቀጠ ወጋኋት። እናቲቱ ተረፈች። በነጋታው ሻይ ይዘው መጡና አጠገቤ ተቀመጡ። አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ አንቺ ወዲያ ማርያምን ስትፈልጊ እሷ እዚህ አልጋው አጠገብ ቆማ አንቺን ትጠብቅ ነበር» አሉኝ። ሻዩን አልጠጣሁትም። ከወሊድ በኋላ መድማት ዛሬም በአገራችን እናቶችን ከሚገድሉት ዋና ዋናዎቹ አንዱ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ነህምያን የወደድኩት። ንጉሡ «ምን ትለምነኛለህ?» ሲለው፣ በጥያቄውና በመልሱ መካከል ወደ ሰማይ አምላክ ጸለየ ይላል። ንጉሥ ፊት ቆሞ ያቺን ያህል ጊዜ ብቻ ነው ያገኘው፤ ተጠቀመባት። የሥራ ቦታ ጸሎት እንዲያ ነው። የታማሚውን ጊዜ ሰርቆ የሚጸለይ ጸሎት አልወድም። ያልጠየቀችን እናት ካልጸለይኩልሽ ማለትንም አልወድም፤ እሷ የምትለምንበት የራሷ መንገድ አላት።

ብቻን መጸለይ ግን ብቻውን አይዘልቅም። ይህን ያስተማረችኝ የእምነቴ ሰው አይደለችም። በደርግ ጊዜ አብራኝ የምታድር ነርስ መሠረተ ክርስቶስ የሚባለው የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ምእመን ነበረች። በ1974 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያናቸው ተዘጋ፣ ንብረቱ ተወረሰ፣ መሪዎቹ ታሰሩ። ጴንጤ የሚለው ስም ያን ጊዜ ስድብ ነበር። እሷ ግን በየሳምንቱ «ቡና ተጠርቻለሁ» ብላ ትወጣለች። በኋላ ነው የነገረችኝ፤ አምስት ስድስት ሆነው በየቤቱ ይሰበሰባሉ፣ መዝሙሩን በሹክሹክታ ይዘምራሉ፣ አንድ ሰው ከቀረ በዚያው ቀን ቤቱ ይኬዳል። ሲዘጋ 5 ሺህ ያህል የነበሩት ምእመናን ደርግ ሲወድቅ ከ30 ሺህ በላይ ሆነው ወጡ። ስለ እመቤታችን ከእሷ ጋር እስከ ዛሬ እንከራከራለን፣ አንስማማም። ነገር ግን «አንድ ሰው ከቀረ ቤቱ ይኬዳል» ያለችውን አልረሳሁም።

ስለ ስልክና ቴሌቪዥንም ትጠይቁኛላችሁ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና የገባ ጊዜ ፋሲካ ሚያዝያ 11 ዋለ፣ እኛም ቤታችን ዋልን። ሌሊቱን ጫማዬን አውልቄ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆምኩ። ልጄ ሳቀብኝ፤ ግድ የለኝም፣ አልቅሻለሁ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ በሁለተኛው ወር ቅዳሴውን ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር የማየው። በሦስተኛው ወር ድምፁን ቀንሼ ስልክ አወራሁ። እዚያው ሰፈሬ ቤተ ክርስቲያኑ ሲከፈት እንኳን ስንፍናው ለጥቂት ሳምንት አብሮኝ ቆየ። ስለዚህ መሄድ የሚችል ሰው ሶፋው ላይ ሆኖ «አስቀደስኩ» ሲል አልስማማም። ቅዱስ ቁርባን በስክሪን አይመጣም።

የእህቴን ልጅ ግን በዚህ አልዳኝም። ሳውዲ ቤተ ክርስቲያን የለም። እሷ ስልኳን ከትራሷ ሥር አድርጋ ሌሊት ትሰማለች። መዘመር ሲያምራት ልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ገብታ ማሽኑ መጮህ ሲጀምር ትዘምራለች። «አክስቴ፣ ልብስ ማጠብ የወደድኩት እዚህ መጥቼ ነው» ብላ ሳቀችብኝ። ለእሷ ያ ስልክ ደጀ ሰላሟ ነው።

እኛ አዋላጆች፣ ጽዳት ሠራተኞችና የልብስ ክፍል ሴቶች ሆነን ከ1981 ዓ.ም. ጀምሮ የማርያም ጽዋ ማኅበር አለን። ወር በገባ በ21 በየተራ ቤታችን እንሰበሰባለን። ሙሴያችን፣ የማኅበሩ መሪ ማለት ነው፣ ልብስ ክፍል የነበሩት እማማ ናቸው፤ ማኅበሩ ላይ የሐኪም ማዕረግ አይሠራም። ዳቦው ይቆረሳል፣ ጽዋው ይዞራል፣ ከዚያ እማማ ዓይናቸውን በየፊቱ ያዞሩና «ማን ጎደለ?» ይላሉ። የጎደለችው ተረኛ ከሆነች ድርሻዋ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይላክላታል። ስንት ሌሊት ያንን ዳቦ ይዤ ቁጭ ብዬ እንዳደርኩ።

ያቺ በሩ ላይ ያስቆመችኝ ልጅ፣ ይህን ካነበብሽ፣ የሚመጣው 21 ተረኛዋ እኔ ነኝ። ጌሾውን ከወዲሁ ወቅጬአለሁ። ቤቴን ኮሪደሩ ላይ ጠይቂ፣ ሁሉም ያውቁታል። ማታውን ከገባሽ ደግሞ ድርሻሽን ማዋለጃ ክፍሉ ድረስ እልክልሻለሁ። እጅሽን ታጥበሽ ብዪ።