መልስ፦ ጥንቸሏ ሁልጊዜ ዳገት ወጥታ ታመልጠናለች

«ሱሉልታ ላይ አራት ሆነን፣ ሁለት ውሻ ይዘን፣ ዳገቱ ላይ ትጥለናለች» ላልከው፣ ስህተቱ ውሾቹን ከታች መልቀቃችሁ ነው። የጥንቸል የኋላ እግሮች ከፊተኞቹ ስለሚረዝሙ ሽቅብ ትፈጥናለች፤ ቁልቁል ግን ይከብዳታል።

1. ሁለታችሁ ውሾቹን በገመድ ይዛችሁ ቀድማችሁ አናቱ ላይ ውጡ። ነፋሱ ከታች ወደ እናንተ የሚነፍስበትን ቀን ምረጡ፤ አለዚያ የውሾቹን ሽታ ቀድማ ታገኘዋለች።

2. የቀሩት ሁለቱ ሰዎች ከታች ተነስተው በታጨደው ማሳ ዳር፣ 20 ሜትር ያህል ተራርቀው ቀስ ብለው ይውጡ። በየ15 እርምጃው ይቁሙ። ጥንቸል ሳር ውስጥ ተለጥፋ አላፊ አግዳሚውን ዝም ብላ ታሳልፋለች። የሚያስደነብራት ኮቴው ድንገት ጸጥ ሲል ነው።

3. በዓይናችሁ ሳታዩአት ውሻ አትልቀቁ።

ከጠፋችባችሁ ጉድጓድ አትፈልጉ፤ የደጋ ጥንቸል ጉድጓድ አትቆፍርም። ዞራ ወደተነሳችበት ስለምትመለስ አንድ ሰው እዚያው ይቆይ።

አንድ ጥንቃቄ፦ በአዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው። «ጥንቸል ትንሽ ናት» ብላችሁ እንዳትዘናጉ፤ መጀመሪያ ፈቃዱን ጨርሱ፣ ከዚያ የማሳውን ባለቤት አስፈቅዱ።