ሦስተኛ ጊታር ልግዛ ወይ ላልከው

ወንድሜ፣ አኩስቲክና ኤሌክትሪክ ጊታር እያሉህ ሦስተኛ ልጨምር ወይ ብለሃል። በእኔ እምነት አያስፈልግህም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ፣ አራቱም ቅኝቶች በአንድ ጊታር ላይ ይወጣሉ፤ ለዘፋኙ እንዲስማማ ዜማውን ወደ ቀጭን ድምፅ ማንሳት ካስፈለገ ካፖ (አንገቱ ላይ ክሮቹን የሚጫን መቆንጠጫ) ይበቃል። ገንዘቡን ያለህን ለማስጠገን አውለው! ክሩ ከአንገቱ በጣም ርቆ ጣት የሚያሳምም ጊታር ተጫዋቹን ከልምምድ ያርቀዋል፤ በባለሙያ ሲስተካከል ግን ሌላ መሣሪያ ይሆናል። ያረጀ ክርም ድምፁ ይደበዝዛል፣ ቅኝትም አይጠብቅም፤ ቀይረው። በአዳማ ፀሐይ መኪና ውስጥ ደግሞ ፈጽሞ አትተወው፤ በሙቀቱ ሙጫው ሲላላ ክሮቹ ድልድዩን (አካሉ ላይ የታሰሩበትን እንጨት) ጎትተው ሊያነሱት ይችላሉ።

የምር የተለየ ድምፅ ካማረህ ግን የናይለን ክር ያለው ክላሲካል ጊታር ምረጥ፤ ሌላ የብረት ክር አኩስቲክ አትድገም።