«ሚኮኖስ እንሂድ ወይስ እንቅር?»

(ይህ ጥያቄና መልስ የተጻፈው በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ፣ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ነው። ስለ ክትባት፣ ስለ ምርመራና ስለ መግቢያ ፎርም የተጠቀሱት ደንቦች የዚያን ጊዜ ናቸው፤ ዛሬ አይሠሩም።)

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የ28 ዓመት ወጣት ነኝ፤ የምኖረው ጀርመን፣ ሽቱትጋርት ነው። ባለፈው ጥር በኮቪድ ምክንያት ሁሉም ነገር ተዘግቶ ቤት በተቀመጥንበት ጊዜ እኔና ታናሽ እህቴ «ይሄ ነገር ይለፍ እንጂ የግሪኳ ደሴት ሚኮኖስ ሄደን እስኪነጋ እንጨፍራለን» ተባባልን። ቲኬት ቆርጠናል፤ እስከ አቴንስ በአውሮፕላን፣ ከዚያ በመርከብ፣ ከነሐሴ 3 እስከ 8። አሁን ግን ፈራሁ። ሙዚቃ ተከለከለ፣ ሰዓት እላፊ ታወጀ የሚል ወሬ ሰማን። እኔ ሁለቱንም ክትባት ጨርሻለሁ፤ እህቴ ገና አንዱን ነው የወሰደችው። ጓደኞቿ ቪላ ተከራይተው የግል ፓርቲ እናዘጋጃለን ይላሉ። እናታችን ደግሞ ከአዲስ አበባ ደውላ «ሰው እንዲህ እያለቀ፣ ያውም በፍልሰታ፣ ለጭፈራ ባሕር ትሻገራላችሁ?» ብላ ተቆጣች። እርስዎ እዚያው ግሪክ ስለሚኖሩ ይመክሩኛል ብዬ ነው። እንሂድ ወይስ እንቅር?

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከሚኮኖስ በተመለስኩ በሳምንቱ ነው። የምነግርሽ እንግዲህ በዓይኔ ያየሁትን ነው።

እኔ የሄድኩት ለጭፈራ አልነበረም። አቴንስ ውስጥ ለ9 ዓመት አንዲት አሮጊት አስታምሜያለሁ። «ኪሪያ» ነበር የምላቸው፤ በግሪክኛ «እመቤት» እንደ ማለት ነው። የተወለዱት ሚኮኖስ ነው። ባለፈው ኅዳር ወረርሽኙ ሲያገረሽ ያዛቸው። አምቡላንሱ በር ላይ ሲቆም ካፖርታቸውን ያለበስኳቸው እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። ቀብራቸው ላይ የቆምነው በጣት የምንቆጠር ሰዎች ነን፤ ያውም ተራርቀን። ሳይተቃቀፉ ማልቀስ ምን ያህል እንደሚከብድ ያኔ አወቅሁት። በደኅናው ጊዜ «አንድ ቀን አገሬ ሄደሽ ሻማ አብሪልኝ» ብለውኝ ነበር። መንገዱ እስኪከፈት ጠበቅሁና ሐምሌ 9 ቀን ጠዋት ፒሬየስ ወደብ ሄጄ መርከብ ተሳፈርኩ።

መሳፈሪያው ላይ ሁለት ወጣቶች የእያንዳንዱን ሰው ወረቀት ያያሉ። ከሰኔ 28 ጀምሮ ወደ ደሴቶቹ የሚሻገር ሰው ወይ ክትባቱን የጨረሰ፣ ወይ ታሞ የዳነ፣ ወይ ተመርምሮ ነጻ የሆነ መሆን አለበት። ከፊቴ የነበረ አንድ አባወራ የምርመራ ወረቀቱ ጊዜ አልፎበት ከነሻንጣው ተመለሰ። ልጆቹ የዋና ጎማቸውን እንዳቀፉ ወደቡ ላይ ሲያለቅሱ ትተናቸው ሄድን። ይህን የማነሳው ለእህትሽ ስል ነው፤ እመለስበታለሁ።

ጉዞው አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። መርከቡ ከሚኮኖስ በፊት ቲኖስ ላይ ይቆማል። ቲኖስ የእመቤታችን ደሴት ናት። ነሐሴ ላይ፣ በግሪኮቹ የፍልሰታ በዓል፣ ምእመናን ከወደቡ እስከ ኮረብታው ቤተ ክርስቲያን በጉልበታቸው እየዳሁ ይወጣሉ። ጥቁር የለበሱ ሴቶች እዚያ ወረዱ። ቁምጣ የለበሱ ወጣቶች ደግሞ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው ቀጣዩን ወደብ ይጠብቃሉ። ሁለቱ ደሴቶች የአንድ ቀበሌ ሰዎች ያህል ይቀራረባሉ።

አሁን ወደ ሙዚቃው ልምጣ። ወሬው የመጣው ቅዳሜ፣ ሐምሌ 10 ከሰዓት በኋላ ነው። በምግብ ቤትም፣ በመጠጥ ቤትም፣ በባሕር ዳርቻም ሌት ተቀን ሙዚቃ ክልክል ሆነ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ደግሞ ሰዓት እላፊ። በዚያ ምሽት ኾራ ነበርኩ፤ ኾራ የሚሏት ዋናዋን ከተማ ነው። አንዲት ጠባብ መንገድ ላይ ያለ የምግብ ቤት ባለቤት ወንበር ላይ ወጥቶ የስፒከሩን ገመድ ነቀለ። በክርኑና በመዳፉ መሃል ቀስ ብሎ ጠመጠመው። ምንም አልተናገረም። ጎረቤቱም አጠፋ። ከጎረቤቱ ቀጥሎ ያለውም አጠፋ። አዲስ አበባ መብራት ሲጠፋ ሰፈር በሰፈር እንደሚጨልመው፣ ድምፁ ሰፈር በሰፈር ጠፋ።

ከዚያ በኋላ የሰማሁት ከጆሮዬ አልወጣም። ሹካ ከሳህን ጋር ሲጋጭ። ነጠላ ጫማ ድንጋዩ ላይ ሲንጠፈጠፍ። ሜልቴሚ የሚሉት የሰሜን ነፋስ የመስኮት መዝጊያ ሲያንኳኳ። «ትንሿ ቬኒስ» በሚባለው ሰፈር ቤቶቹ የተሠሩት ከውሃው አፋፍ ላይ ስለሆነ፣ ማዕበሉ ግድግዳውን ሲመታው በደንብ ይሰማል። ኪሪያ «ልጅ እያለሁ ያ ድምፅ ነበር የሚያስተኛኝ» ይሉኝ ነበር። እኔ በቴሌቪዥን የማውቀው ሚኮኖስ ሌላ ስለነበር እርጅና ያመጣው ናፍቆት ይመስለኝ ነበር። እውነታቸውን ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ፓራፖርቲያኒ ሄድኩ። አምስት ትንንሽ ቤተ ክርስቲያኖች ተጣብቀውና ተደራርበው አንድ ነጭ ጉብታ የሆኑባት ቦታ ናት። በሯ ተቆልፏል። ግን ደሴቲቱ በመቶ የሚቆጠሩ የጸሎት ቤቶች አሏት፤ ብዙዎቹን መርከበኞች ከማዕበል ሲተርፉ በስለት የሠሯቸው ናቸው። ከአንዷ ገብቼ ሻማዬን አሸዋው ላይ ተከልኩ። ብቻዬን ነበርኩ፤ ማስኬን አወለቅሁና እስኪወጣልኝ አለቀስኩ።

ትእዛዙ ብዙ ሰው አናዷል። ነጋዴው ዓመቱን ሙሉ የጠበቀው ገቢ ነው፤ ሐዘኑ ይገባኛል። እኔ ግን እደግፈዋለሁ። ሚኮኖስ 85 ካሬ ኪሎ ሜትር የምታህል፣ 10,000 ገደማ ቋሚ ነዋሪ ያላት ደሴት ናት። ያላት ጤና ጣቢያ ነው። የጠናበት በሽተኛ ወደ ሲሮስ ደሴት ወይም ወደ አቴንስ መሻገር አለበት። በዚህ ወቅት ደግሞ ከነዋሪው ብዙ እጥፍ እንግዳ ይጎርፍባታል፣ ዴልታ የሚሉት የቫይረሱ ዝርያም ገብቷል። ኪሪያዬ የሆስፒታል አልጋ ባለባት ዋና ከተማ ሆነው እንኳ አልተረፉም።

ሌላም ያየሁት አለ። አንዲት የልደታ ልጅ፣ አብሮ አደጌ፣ እዚያ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ ትሠራለች። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ሄዳ መስከረም ላይ የምትመለስ የወቅት ሠራተኛ ናት። እኔም ያደርኩት እሷ ዘንድ ነው። አራት ሴቶች አንድ ክፍል ይጋራሉ። አንዷ ከተያዘች አራቱም ወደ ለይቶ ማቆያ ይገባሉ፣ ሥራው ደግሞ አይጠብቅም። ቀኑን ሙሉ በእንፋሎት መሃል አንሶላ ሲተኩሱ ማስክ አያወልቁም። ጓደኛዬን የማስኩ ላስቲክ ጆሮዋ ሥር ልጦ አቁስሏት ነበር። ታዲያ ምን አደረገች መሰለሽ? ከአሮጌ ነጠላ ጥለቱን ቆርጣ፣ ዳርና ዳሩ ላይ ሁለት የሸሚዝ ቁልፍ ሰፋችበት። ጥለቱን ከማጅራቷ በላይ ታደርግና ላስቲኩን ከጆሮዋ አውጥታ ቁልፎቹ ላይ ታንጠለጥለዋለች። ክፍል የሚጋሯት ሦስቱ ሴቶች፣ አንዷ አልባኒያዊት፣ ሁለቱ ፊሊፒናውያን፣ «ለኛም ሥሪልን» ብለዋት ከዚያው ነጠላ ሠርታላቸዋለች። አረንጓዴ ጥለት ነው። አራቱም አድርገውት ወደ ሥራ ሲወጡ አየኋቸው።

ስለ ቪላው የምልሽ ከዚሁ የመጣ ነው። አትሂዱ። ሙዚቃው ከመጠጥ ቤት ሲጠፋ ወደ ቪላ ነው የገባው። ቪላ ውስጥ ማን የተከተበ፣ ማን የታመመ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ሰው ተፋፍጎ ይጮኻል፣ ይተነፍሳል። ማግስቱ ደግሞ ብርጭቆውን የምትለቅመው፣ አንሶላውን የምትገፈው የጓደኛዬ ቢጤ ናት። እናንተ ሁለታችሁም ወጣት ናችሁ፣ ምናልባት ትኩሳት አይታችሁ ትድኑ ይሆናል። እሷ ግን የወሩን ደሞዝ ልታጣ ትችላለች፤ ደሞዙን ደግሞ ልደታ የሚጠብቁት ሰዎች አሉ። የእህትሽ ጓደኞች ቢቀየሙም ይቀየሙ።

የእህትሽን ወረቀት በተመለከተ፣ አንድ ክትባት ብቻ አይበቃትም። ወይ ከመድረሷ በፊት በ72 ሰዓት ውስጥ የተሠራ ፒሲአር፣ ወይ በ48 ሰዓት ውስጥ የተሠራ ፈጣን ምርመራ መያዝ አለባት። ለመርከቡም ያው ነው። አቴንስ አንድ ሁለት ቀን ካደራችሁ የመጀመሪያው ምርመራ ለመርከቡ ላይደርስ ይችላልና ከመርከቡ ሰዓት ወደ ኋላ ቆጥራችሁ ያዙ። የግሪክን የመግቢያ ፎርም ሁለታችሁም ከመድረሳችሁ በፊት ባለው ቀን በኢንተርኔት ሙሉ፤ የሚላክላችሁን ኪውአር ኮድ ስልክ ላይ ብቻ ሳይሆን በወረቀትም ያዙት፣ ባትሪ ያልቃል። ከሐምሌ 25 ጀምሮ ጀርመንም ክትባቱን ያልጨረሰ ሰው ሲመለስ የምርመራ ውጤት ትጠይቃለች፤ ስለዚህ ደሴቲቱ ላይ አንድ ጠዋት ለምርመራ ይዋል። ግሪክ ውስጥ በረንዳና ግቢ የሌላቸው ዝግ መጠጥ ቤቶች ለተከተበ ወይም ታሞ ለዳነ ሰው ብቻ ስለሆኑ እህትሽ አትገባም። አንቺም እሷን ውጭ አቁመሽ እንደማትገቢ አምናለሁ።

ትእዛዙ የታወጀው እስከ ሐምሌ 19 ነበር፤ የቁልቢ ገብርኤል ዕለት መሆኑ ነው። አሁን ተነስቷል። ያን ቀን ማታ ጓደኛዬ ደውላ ስልኩን ወደ መስኮቱ ዘርግታ አሰማችኝ። ሙዚቃው ተመልሷል። ደስ ብሏት ነበር፤ ምክንያቱም ሆቴሉ ከሞላ ሥራው ይቀጥላል። ስለዚህ ሂዱ እላችኋለሁ። ለምግብና ለአልጋ የምትከፍሉት ገንዘብ የእሷንና የመሰሎቿን የሥራ ወቅት የሚያቆይ ነው። አልጋችሁን ለምታነጥፈው ሴት ጉርሻ ስታስቀምጡ በእጅ ስጧት፣ ስሟንም ጠይቋት።

አንድ ቀን ደግሞ ከአሮጌው ወደብ ጀልባ ይዛችሁ ዴሎስ ሂዱ። ግማሽ ሰዓት ነው። አፖሎ ተወለደባት የሚሏት ደሴት ናት። በጥንት ዘመን መውለድም መሞትም ክልክል ነበር፤ ነፍሰ ጡርና የሚያጣጥር ሰው ወደ ሌላ ደሴት ይሻገር ነበር። ዛሬም እንግዳ አያድርባትም። በዚህ ዓመት እዚያ ፍርስራሽ መሃል ቆሜ ያንን ሕግ ማሰብ ከበደኝ። ሞት በሕግ የሚከለከል ቢሆን ኖሮ እኔ ሻማ ይዤ ባልመጣሁ። ኮፍያና ውሃ ያዙ፤ ጥላ የለም።

እናትሽን በተመለከተ፣ አትቆጪባት። ከሩቅ ሆና የምትሰማው የሞት ወሬ ብቻ ነው። «እንሄዳለን» ብለሽ አትጀምሪላት። የት እንደምታድሩ፣ ከማን ጋር እንደምትውሉ፣ ቪላው እንደቀረ ንገሪያት። በዚህ ዓመት ቤት ተዘግታችሁ ምን ያህል እንደከፋችሁም ንገሪያት፤ አልነገርሻትም ብዬ እገምታለሁ። እኔ ሰው ቀብሬ ነው የሄድኩት፣ ባሕር መሻገሬ ግን ኀፍረት አልሆነብኝም።

ጾሙ አያስጨንቃችሁ። ግሪኮቹም በዚያው ሰሞን ፍልሰታን ይጾማሉ። ምግብ ቤት ስትገቡ «ኒስቲሲሞ» በሉ፤ የጾም ማለት ነው፣ ወዲያው ይገባቸዋል። ለእነሱ ኦክቶፐስና ሽሪምፕ ከጾም ይቆጠራል፣ እሱን እንደ ልማዳችሁ። ከሁሉ በፊት ግን «ፋቫ» እዘዙ። ከቢጫ ክክ የሚሠራ፣ ላዩ ላይ ቀይ ሽንኩርትና የወይራ ዘይት የሚደረግበት ነው። ስልክሽን ሳህኑ ላይ አድርገሽ ለእናትሽ በቪዲዮ ደውዪላት። «ክክ አልጫ አይደለም እንዴ?» ማለቷ አይቀርም።