አንድ ኩዌሪ፣ ሁለት መልስ፦ መጀመሪያ ሰዓቱን ፈትሺ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የማስተርስ ቴሲስሽ በዳታ ስትሪም፣ ማለትም ሳያቋርጥ በሚፈስ ዳታ ላይ ነው። ያንኑ ዳታና ያንኑ ኩዌሪ (ለዳታው የሚቀርበውን ጥያቄ) ስትሪም ላይ ኩዌሪ ለሚመልሱ ሁለት ኢንጂኖች፣ ለሲ-ስፓርክልም ለሲኪዌልስም ሰጠሽ። መስኮቱ፣ ማለትም ኩዌሪው በአንድ ጊዜ የሚያየው የዳታ ቁራጭ፣ የ10 ደቂቃ ነው፣ በየ5 ደቂቃው ይንሸራተታል። ሲ-ስፓርክል 78 መልስ አወጣ፣ ሲኪዌልስ 40። አድቫይዘርሽ ደግሞ «ሪዝኒንግም ጨምሪበት» ብለውሻል፤ ካለው እውቀት አዲስ እውነት ማውጣት ማለታቸው ነው። «ስህተቱ የኔ ነው ወይስ የኢንጂኑ?» ነው ያልሽው።

የማንም ላይሆን ይችላል። እኔም እዚሁ ቦታ ላይ ወደ ሦስት ወር ገደማ ቆሜ ነበር። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።

ተራ ዳታቤዝ ላይ ዳታው ተቀምጦ ይጠብቃል፣ ኩዌሪው መጥቶ ይሄዳል። ስትሪም ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ኩዌሪው ተቀምጦ ይጠብቃል፣ ዳታው ያልፋል። ዳታው ማለቂያ ስለሌለው መስኮት እንከፍትለታለን። እስከዚህ ሁሉም ሰው ያውቃል። ጣጣው ያለው መስኮቱ መቼ ተከፈተ፣ መልሱስ መቼ ይነገራል የሚለው ላይ ነው። አንቺ ኩዌሪው ላይ የጻፍሽው ስፋቱንና እርምጃውን ብቻ ነው። የቀረውን ኢንጂኑ በራሱ ይወስናል።

ሲ-ስፓርክልን የሚላን ፖሊቴክኒክ ሰዎች ናቸው የሠሩት፣ በ2009። መስኮቱ እስኪዘጋ ይጠብቅና በውስጡ ያለውን መልስ በሙሉ ያወጣል። ሲኪዌልስ በ2011 ከአየርላንድ፣ ከጎልዌይ የወጣ ነው። እሱ አዲስ ዳታ በገባ ቁጥር ያሰላል፣ አዲስ የሆነውን መልስ ብቻ ይሰጣል። አሁን ቁጥሮችሽን እይ። መስኮትሽ 10፣ እርምጃሽ 5 ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ዳታ ሁለት መስኮት ውስጥ ይገኛል። 78 የ40 እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው። እኔ እንደሚመስለኝ ሲ-ስፓርክል ያንኑ መልስ ሁለቴ እየነገረሽ ነው። ድግግሞሹን አውጥተሽ እንደገና ቁጠሪ።

ከዚያ በኋላም ልዩነት ከቀረ የመስኮቱን መነሻ ሰዓት ፈትሺ። አንድ መኪና 3፡02 እና 3፡07 ላይ «ፍጥነት ዜሮ» ላከ እንበል። ኩዌሪው «በ10 ደቂቃ ውስጥ ሁለቴ ዜሮ ከላከ ንገረኝ» ይላል፣ መስኮቶቹም አይደራረቡም። የመጀመሪያው መስኮት 3፡00 ላይ ከተከፈተ ሁለቱም እስከ 3፡10 ባለው ውስጥ ይወድቃሉ፣ መልስ ይመጣል። መስኮቱ 3፡05 ላይ ከጀመረ ግን አንዱ ከወዲህ አንዱ ከወዲያ ይቀራል። መልስ የለም። ዳታው ያው፣ ኩዌሪው ያው፣ ኢንጂኑም ያው ነው። ፕሮግራሙን ያስነሳሽበት ደቂቃ ብቻ ተለየ። እኔ ይህን ሳላውቅ ዛሬ ያገኘሁት ውጤት ነገ ሲጠፋብኝ ኮዴን ሦስት ጊዜ ከባዶ ጽፌዋለሁ።

ይህን ነገር በሥርዓት ያስቀመጠው በ2010 የወጣው ሲክሬት የተባለው ሞዴል ነው። አራት ነገር ይጠይቃል፦ መስኮቱ ከየት እስከ የት ነው፣ በዚያች ሰዓት ውስጡ ምን አለ፣ መልሱ መቼ ይገለጣል፣ ኢንጂኑን ለሥራ የሚቀሰቅሰው ምንድን ነው። ለሁለቱም ኢንጂኖች እነዚህን አራት ጥያቄዎች በወረቀት መልሺ። በ2014 የመጣው አርኤስፒ-ኪውኤል ደግሞ ይህንኑ ሐሳብ ሁለቱ ኢንጂኖችሽ ወደሚያነቡት ወደ አርዲኤፍ ስትሪም (ዳታው «ባለቤት፣ ግንኙነት፣ ዋጋ» ተብሎ በሦስት በሦስት የሚጻፍበት) አምጥቶታል፣ የመጀመሪያው መስኮት መነሻ ሰዓትም በግልጽ ተቀምጧል። ለቴሲስሽ ሁለተኛ ምዕራፍ ከዚህ የተሻለ መሠረት አላውቅም።

አሁን ስለ ሰዓት ራሱ። ከትምህርት በኋላ የጭነት መኪናዎችን በጂፒኤስ የሚከታተል ድርጅት ውስጥ ሠርቻለሁ። መኪናዎቹ ከአዲስ በአዋሽ፣ በሚሌ፣ በጋላፊ አድርገው ጅቡቲ ይመላለሳሉ። አፋር ውስጥ ኔትወርክ የሚጠፋበት ረጅም መንገድ አለ። መሣሪያው ዳታውን ያጠራቅምና ኔትወርክ ሲያገኝ በአንዴ ይዘረግፈዋል። የእኛ ሲስተም ደግሞ ሰዓቱን የሚቆጥረው ዳታው ሰርቨር ላይ ሲደርስ ነበር። አንድ ሾፌር ሁለት ሰዓት ሙሉ የነዳው መንገድ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ተጨምቆ ይመጣል። ሲስተሙም «ከልክ ያለፈ ፍጥነት» ብሎ ይጮሃል። ሰዎች ባላጠፉት ጥፋት ተጠይቀዋል። እስካሁን ያሳዝነኛል።

በዚያ ላይ ሦስት ዓይነት ሰዓት ነበረን። ሾፌሩ በደብተሩ «ጠዋት 3 ሰዓት ጋላፊ» ብሎ ይጽፋል። መሣሪያው ያንኑ ቅጽበት በዓለም አቀፉ ሰዓት 6፡00 ብሎ ይልካል። የቢሮው ኮምፒውተር 9፡00 ይላል። ሦስቱም ልክ ናቸው፣ ግን አንድ መስኮት ውስጥ አብረው አይገቡም። ዳታሽ ከአገር ቤት ከሆነ ከምንም ነገር በፊት ይህን አስተካክይ።

ያለሽ ዳታ ዘግይቶ የሚደርስ ከሆነ ሌላም ነገር እወቂ። ቀደምቶቹ የሪሰርች ኢንጂኖች በአብዛኛው ዳታው በቅደም ተከተል ይመጣል ብለው ነው የሚነሱት። ነገሩን በደንብ የሚይዘው ከበርሊን የተነሳው ፍሊንክ ነው። ዋተርማርክ የሚባል ምልክት አለው፤ «ከዚህ ሰዓት በፊት የሆነ ዳታ ከእንግዲህ አልጠብቅም» ማለት ነው። ምን ያህል መጠበቅ እንዳለብሽ የምትወስኚው ግን ራስሽ ነሽ። ብዙ ከጠበቅሽ መልሱ ይዘገያል፣ ትንሽ ከጠበቅሽ ዳታ ይጎድላል።

ወደ ሪዝኒንጉ ልምጣ፣ እኔ የምወደው ክፍል ነውና። የማይለወጥ እውቀት አለ እንበል፦ «ይህ መኪና ቦቴ ነው»፣ «ቦቴ ሁሉ አደገኛ ጭነት ይጭናል»። ከስትሪሙ ደግሞ ሁለት ነገር መጣ፦ «መኪናው ከተማ ውስጥ ነው»፣ «መኪናው ቆሟል»። ከእነዚህ «አደገኛ ጭነት ከተማ ውስጥ ቆሟል» የሚል አዲስ እውነት ይወለዳል። ጥያቄው መቼ ይሞታል ነው። በ1993 የወጣው የተለመደው ዘዴ ዲሬድ ይባላል። አንድ ዳታ ሲወጣ በእሱ ላይ የቆመውን ሁሉ ይሰርዝና በሌላ መንገድ የሚረጋገጠውን መልሶ ያስገባል። ይሠራል፣ ግን አድካሚ ነው። የሚላኖቹ በ2010 አንድ ነገር አስተዋሉ። መስኮት ላይ ዳታው መቼ እንደሚወጣ ገና ሲገባ ይታወቃል! ስለዚህ የማብቂያ ሰዓቱን አብረሽ ትጽፊበታለሽ። «ከተማ ውስጥ ነው» 3፡12 ላይ፣ «ቆሟል» 3፡07 ላይ የሚያበቁ ከሆነ የተወለደው እውነት 3፡07 ላይ ያበቃል፤ ቀድሞ የሚያበቃውን ይከተላል። ያው እውነት በሌላ መንገድ እስከ 3፡15 ከተረጋገጠ ደግሞ ረጅሙን ይይዛል። መደምሰስና መልሶ መፈለግ ቀረ። በየእርምጃው አብዛኛው ዳታ የሚቀየር ከሆነ ግን ሁሉንም ከአዲስ ማስላት ይቀላል። ይህን ድንበር በራስሽ ዳታ ላይ መለካት ብቻውን ጥሩ ቴሲስ ይወጣዋል።

«መኪናው 30 ደቂቃ ምንም አልላከም» ዓይነት ሕግ ውስጥ ከገባሽ ተጠንቀቂ። ዝም ያለው ቆሞ ነው ወይስ ኔትወርክ ጠፍቶ? ዘግይቶ የመጣ አንድ ዳታ የደረስሽበትን ድምዳሜ ያፈርሰዋል። ለእንዲህ ያለው በ2015 ከቪየና የወጣውን ላርስን አንብቢ። በመስኮቱ ውስጥ «ቢያንስ አንዴ»፣ «ሁልጊዜ» እና «በዚህች ቅጽበት» የሚሉትን ለይቶ ያስቀምጣል። ለአንድ ቴሲስ ግን ይህንንም ያንንም አትደርቢ። አድቫይዘርሽን አነጋግሪና የማብቂያ ሰዓት በሚጻፍበት ቀላል ሪዝኒንግ ብቻ ተወሰኚ።

ለአሁኑ ቀጥታ ሰንሰር አታገናኚ። 20 መስመር ያለው ፋይል አዘጋጂ፣ ትክክለኛውን መልስ በእጅሽ አስልተሽ ጻፊ፣ ከዚያ ለሁለቱም ኢንጂኖች ዳታው በተፈጠረበት ሰዓት ቅደም ተከተል ስጪያቸው። ያስጀመርሽበትን ሰዓት መመዝገብ እንዳትረሺ። ድግግሞሹ ወጥቶ፣ መነሻው ተስተካክሎም ቁጥሩ ካልገጠመ ፋይሉንና ኩዌሪውን እዚሁ ለጥፊው፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቁጭ ብዬ አየዋለሁ።