«የዘንድሮ ፊልም መኪና ይታወሳል ወይ?» ላልከው ልጅ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። ባሕር ዳር ላይ የመጀመሪያ ፊልምህን ልትሠራ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ የሚነዳት መኪና እንደ «ባክ ቱ ዘ ፊውቸር» ፊልሟ ዴሎሪያን የማትረሳ እንድትሆን ትፈልጋለህ። ጓደኞችህ ግን «ያ ድሮ ቀረ፤ የዘንድሮ ፊልም መኪና ማንም አያስታውስም» አሉህ። ከመለሱልህ ሰዎች አንዱ ላንድክሩዘር፣ ሌላው ኤሌክትሪክ መኪና ተከራይ ይልሃል። እኔ እዚሁ ከተማ ቮልስ አለችኝ። ለፊልም አከራይቻት ጉዱን አይቻለሁ። አንተም ያው ጣጣ ውስጥ ልትገባ ስለሆነ ስማኝ።

ጓደኞችህን አትስማቸው። መኪና በፊልም ስሟ የሚነሳው ድሮ ስለተሠራች አይደለም። ውድ ስለሆነችም አይደለም። ዴሎሪያንን ያነሳሃት አንተው ነህ። ዓመቱን በፈረንጅ ልንገርህና፣ ሰሜን አየርላንድ ውስጥ ይሠራት የነበረው ኩባንያ በ1982 ከሰረ። «ባክ ቱ ዘ ፊውቸር» የወጣው በ1985 ነው። ገበያ ያልወደዳትን መኪና ነው ፊልሙ ያነገሣት።

ቅርቡን ካልክ ደግሞ በ2021 የወጣውን «ድራይቭ ማይ ካር» የሚባል የጃፓን ፊልም እይ። መኪናዋ ቀይ ሳብ 900 ናት። ሳብን የሚሠራው ኩባንያ ራሱ በ2011 ከስሯል። ፊልሙ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረው። ሰውየው የቲያትር ሰው ነው፤ ሚስቱ በካሴት የቀዳችለትን ቃለ ተውኔት መኪናዋ ውስጥ እየሰማ ያጠናል። ሚስቱ ሞተች፤ ድምጿ ግን እዚያች መኪና ውስጥ አለ። እንዲህ ያለች መኪና እንዴት ትረሳለች?

የሚረሱትማ ሌሎች ናቸው። ጄምስ ቦንድ አስቶን ማርቲን ዲቢ5ን በ1964 «ጎልድፊንገር» ላይ ነዳት፤ በ2021ም ይነዳታል። መሃል ላይ፣ በ1995፣ ቢኤምደብሊው ዜድ3 ሰጡት። ብልጭ ብላ ጠፋች። ለማስታወቂያ የመጣች መኪና እንግዳ ናት፤ ቡናዋን ጠጥታ ትሄዳለች። የዘንድሮ ፊልም ችግሩ ይሄ እንጂ ዘመኑ አይደለም።

አሁን ወደ ምክሩ።

1. መኪናዋን ሥራ ስጣት። በእኛ ፊልም ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ነርስ ነበረች። በየቤቱ እየዞረች ታክማለች። የቮልስ ሞተር ከኋላ ስለሆነ መድኃኒቱን የምታስቀምጠው ከፊት፣ ኮፈኑ ሥር ነው። ኮፈኑን በከፈተች ቁጥር ተመልካቹ ትንፋሹን ይይዛል። ይህን ያመጣው ዳይሬክተሩ ነው፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ለሌላው ግን አላመሰግነውም።

2. መልኳን አትንካ። ቮልሴ ውሃ ሰማያዊ ናት። የግራ ፓራፋንጎዋ ላይ ባጃጅ የገጨኝ ጠባሳ አለ። ዳይሬክተሩ መጀመሪያ «ቀይ እንቀባት» አለ። እምቢ አልኩ። ቀጥሎ «እሺ፣ ጠባሳውን ላሜራ እናስመታው» አለ። አሁንም እምቢ። «አንተ ስለ ካሜራ ምን ታውቃለህ?» አለኝ፣ ሠራተኛው ሁሉ ፊት። ስለ ካሜራ አላውቅም። ግን የአሜሪካው ተዋናይ ስቲቭ ማክዊን በ1968 «ቡሊት» ፊልም ላይ የነዳት ፎርድ ማስታንግ በ2020 ጨረታ ስትወጣ ሳትታደስ፣ ከነጉዳቷ መሆኑን አውቃለሁ። ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው የተሸጠችው። ይህን ስነግረው ዝም አለ። ፊልሙ ከወጣ በኋላ ሰው መንገድ ላይ መኪናዬን የሚለየው በምን መሰለህ? በዚያች ጠባሳ!

3. ድምጿን ለብቻ ቅዳ። ቮልስ በአየር ነው የምትቀዘቅዘው፤ ጩኸቷ ሌላ ነው። እየሄደች ንግግር ልቅረጽ ብትል አይሆንልህም፤ በኋላ ስቱዲዮ ገብታችሁ ትደግሙታላችሁ። ጩኸቷ ግን ሀብት ነው። መኪናዋ ከመታየቷ በፊት ድምጿ ይምጣ። በእኛ ፊልም በሽተኛዋ አሮጊት አልጋ ላይ ሆነው ያችን ጠጠጠጠ ሲሰሙ ፈገግ ይላሉ። ኤሌክትሪክ ተከራይ ያለህ ሰው ይህን ከየት ያመጣዋል? ኤሌክትሪክ የግድ ካልክ ደግሞ የዘጌ መንገድ ላይ ቻርጅ ይለቅባት። ያኔ እሷም ታሪክ ይኖራታል።

4. አንድ መኪና እስከ መጨረሻው። ይቺን በደንብ አንብብ። እኔን ያንገበገበኝ እዚህ ላይ ነው።

የመጨረሻው ትዕይንት አሮጌው የዓባይ ድልድይ ላይ ነበር። ነርሷ በቮልሷ ወደ ዓባይ ማዶ ትሻገራለች፤ መሃል ላይ ቆማ ትወርዳለች። ድልድዩ ጥበቃ አለው፤ ካሜራ አውጥተህ ዝም ብለህ አትቀርጽም። ፈቃድ ያስፈልጋል። የመሥሪያ ቤቱን ስም ልተወው። የመኪናዋ ባለቤት ስለሆንኩ ከረዳት ዳይሬክተሩ ጋር አብሬ ሄድኩ።

ልጁ በትሕትና አስረዳ። «መኪናዋም እንደ ተዋናይ ናት» አለ። ኃላፊው ከስልኩ ቀና ሳይል «ተዋናይ ከሆነች መታወቂያዋን አምጡ» አለን። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። አልሳቀም። ሊብሬዋን አውጥቼ ሰጠሁት። «ይሄማ ሊብሬ ነው» ብሎ መለሰልኝ! ከዚያ ከሌላ ቢሮ ደብዳቤ አምጡ ተባልን። አመጣን። ክብ ማኅተም አለው፣ ቲተር የለውም ተባለ። ቲተር ያላት ሴትዮ ስብሰባ ናት። ነገ ኑ። ነገም ስብሰባ ናት። እንግዲህ አስበው፣ ቀረጻው በቀን ስንት ብር ይበላል፤ የሆቴሉ፣ የካሜራው ኪራይ፣ የምግቡ። ፕሮዲውሰሩ በመጨረሻ ነገ ወደ አዲስ አበባ እንመለሳለን አለ።

በዚያው ቀን ማታ ፈቃዱ ወጣ። ደስ ብሎን ማለዳ ድልድዩ ጋ ደረስን። ዘበኛው ደብዳቤውን ቀስ ብሎ አነበበ። ታርጋዬን አየ። እንደገና ደብዳቤውን አየ። «ይቺ አይደለችም» አለ። ለካስ የጻፉት የቡድኑን ማመላለሻ፣ የነጯን ቪትዝ ታርጋ ነው! ለመንነው፣ ደወልን፣ የሚያነሳ የለም። ሰውየው አልተሳሳተም፤ ወረቀቱ ያለውን ነው የሠራው። ዳይሬክተሩ ፀሐይዋን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ «ቪትዟን አምጧት» አለ።

ፊልሙን ሙሉ በቮልስ የዞረች ነርስ መጨረሻ ላይ ከነጭ ቪትዝ ወረደች። ሲኒማ ቤት ቁጭ ብዬ አየሁት። ሙዚቃው ያስለቅሳል። ከኋላዬ አንዱ «ቮልሷን ሸጠቻት እንዴ?» ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዳይሬክተሩ በኋላ «ተመልካች አያስተውልም ብዬ ነበር» አለኝ። መኪናዋን እንዲወዷት ያደረገው ራሱ ነው፤ እንዴት አያስተውሉም?

እንዲያም ሆኖ ስሟ ተረፈ። የሠፈር ልጆች «ነርሷ መጣች!» እያሉ ይሮጣሉ። ጊዮርጊስ አካባቢ ስቆም አብሯት ፎቶ የሚነሳ አይጠፋም። የተዋናይዋን ስም ጠይቃቸው፣ አንዱም አያውቅ። ጓደኞችህን ይህን ንገራቸው።

ስለዚህ የፈቃድ ደብዳቤህን ስትቀበል እዚያው ቆመህ ታርጋውን ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል አመሳክር። ቲተሩንም እይ። ፈቃድ የሚፈልገውን ቦታ በመጀመሪያው ሳምንት ጨርሰው፤ ገንዘብህ ሳያልቅ። የዘንባባውን መንገድ ስትቀርጽ ደግሞ ጥላው መስታወቱ ላይ እየወደቀ የተዋናዩን ፊት ይሸፍንብሃል፤ ቀድመህ ሞክረው። መለዋወጫ ካስፈለገህ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ አስቀድመህ አስልክ፤ እዚህ ስትፈልግ ቀኑ ይመሻል።

የኔዋን ከፈለግክ አከራይሃለሁ። ቀለም የለም፣ ላሜራ የለም፣ እኔም ቀረጻው ቦታ እኖራለሁ። ቅዳሜና እሑድ ግን አትቁጠራት፤ ሠርግ አለባት።